በሸዋገነት ስም የገባ እቁብ

ሸዋገነት ከግብር ቢሮ የመጣላትን ደብዳቤ ሦስት ጊዜ አነበበችው። አሥራ አንድ ሺህ ስምንት መቶ ዩሮ ግብር ይላል። ልታጸዳው በመጣችው የኖርድኤንድ ሰፈር ቢሮ ደረጃ ላይ፣ ባልዲዋን አጠገቧ አድርጋ ቁጭ አለች።

ዘጠኝ ዓመት ፍሉግሃፈን፣ አየር ማረፊያው ውስጥ፣ ተቀጥራ ስትሠራ ግብሩም፣ የጤና መድኅኑም ከደመወዟ ተቆርጦ ነበር የሚደርሳት። አምና የራሷን የጽዳት ሥራ ከፈተች፤ ከዚያ ወዲህ ገቢዋን ራሷ አስታውቃ ራሷ ከፋይ ሆነች። ታዲያ ዓመቱን ሙሉ ወገቧ እስኪቆረጥ ለፍታ ያተረፈችው አሥራ ዘጠኝ ሺህ ዩሮ ነው። ከምኑ ላይ ነው ይህን ያህል የሚጠይቋት?

በቀጥታ የሄደችው ማርቲ ዘንድ ነው። ማርቲ እዚሁ ጀርመን ተወልዳ ያደገች የእህቷ ልጅ ናት፤ የግብሩን ቅጽ በኮምፒውተር የሞላችላትም እሷው። ልጅቷ የባንኩን ዝርዝር አውጥታ፣ በየወሩ አሥራ አራት ሰዎች ሁለት ሁለት መቶ ዩሮ እንደሚያስገቡና ደንበኞች መስለዋት እንደደመረቻቸው ነገረቻት።

ሸዋገነት አፏን በእጇ ያዘች። እቁቡ ነው፤ ሰብሳቢዋም እሷ ናት። ለሥራዋ አዲስ የባንክ ሒሳብ ስትከፍት ለሁለት ሒሳብ አልከፍልም ብላ የድሮውን ዘጋች፣ አባላቱንም በአዲሱ አስገቡ አለቻቸው። ሳይቸግር ጤፍ ብድር! የሰው ሠላሳ ሦስት ሺህ ስድስት መቶ ዩሮ የሷ ገቢ ሆኖ አረፈው። የጤና መድኅን ድርጅቱ ክራንከንካሰም መዋጮውን በዚሁ ልክ ሊያስከፍላት ነው። ሁለቱን ከከፈለች ሥራዋን መዝጋቷ ነው።

ማርቲ አማርኛው ሲጠፋባት በጀርመንኛ አስረዳቻት። ለአቤቱታ አንድ ወር አላት፤ የእቁቡን ደብተር ከአባላቱ ፊርማ ጋር ካቀረበች ሊስተካከል ይችላል። ለምን ቀድመሽ አልነገርሽኝም ብላም ተቆጣች።

ያልነገረችበት ምክንያት ኤፊ ናት። ኤፊ ብቻዋን ልጅ የምታሳድግ፣ ከመንግሥት የሥራ አጦች ቢሮ፣ ከጆብሴንተር፣ በምታገኘው ድጎማ የምትኖር የእቁቡ አባል ናት። ቁጠባዋ ከታወቀ ድጎማዋ ይቆረጣል ብላ ሸዋገነት ሁሉንም ስለ እቁቡ ትንፍሽ እንዳይሉ አስጠንቅቃ ነበር። አሁን ደብተሩን ብታወጣው ራሷን አድና ኤፊን መግደሏ ነው። ትራሙ ኤፊ የምትኖርበት ፌኸንሃይም እስኪደርስ ስታለቅስ ሄደች፤ ስትወርድ ግን ቆርጣ ነበር።

ኤፊ በሩን እንደከፈተችላት፣ ሸዋገነት የእቁቡን ደብተር በእጇ እንደያዘች፣ ሳትቀመጥ ሁሉንም ዘረገፈችው። በመጨረሻም፣

«ስምሽን አላወጣም። ሥራዬን ዘግቼ እከፍላለሁ» አለቻት።

ኤፊ ግራ ገብቷት አየቻት።

«እትዬ ሸዋ፣ እኔ እኮ እቁብ በገባሁ በወሩ ለጆብሴንተር ተናግሬያለሁ። ቁጠባ ነው፣ ከተፈቀደው በታች ነው አሉኝ። ወረቀቱም አለ።»

«ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም?»

«ትንፍሽ እንዳትሉ አላሉም እንዴ? ለራስዎ የሚደብቁት ነገር ያለ መስሎኝ እኮ ነው ዝም ያልኩት።»

ሸዋገነት ያኔ ወንበሩ ላይ ወደቀች። የአሥራ አንዱ ሺህ ድንጋጤ እንኳን እንዲህ አላደረጋትም። ለማንም የማይበጅ ምሥጢር ስትጠብቅ ከርማለች፤ ልትከልላት የፈለገቻት ልጅ ደግሞ እሷን ስትከልል ኖራለች። ኤፊ ደብተሩን ከእጇ ወስዳ በስሟ ትይዩ ፈረመችና ውኃ ልታመጣላት ተነሣች።