የመስኮቴ ቀይ ወረቀት

ምርጫ በመጣ ቁጥር መስኮቴ ላይ የሠራተኛው ፓርቲ ቀይ ወረቀት ይለጠፋል። ባሌ ዊልፍ ሲለጥፍ ኖረ፤ እሱ ሲሞት እኔ ቀጠልኩ። በሰፈራችን ሰው የሚመርጠውን የሚናገረው በመስኮቱ ነው፤ የኔን አይቶ የራሱን የሚለጥፍም ሞልቷል። ትምህርት ቤት ብዙ አልቆየሁም፤ ሠራተኛ የሠራተኛውን ፓርቲ እንደሚመርጥ ለማወቅ ግን ፊደል አያስፈልግም። እዚህ አህያም ቀይ ሪባን ቢያስሩላት ታሸንፋለች ይሉናል። እውነት ነው፤ ያሸነፉ አህዮች አይቻለሁ።

የዘንድሮው ጋቪን ይባላል፤ ለወረዳው ምክር ቤት ነው የሚወዳደረው።

«እማማ ማቪስ፣ ወረቀትዎን ይዤ መጣሁ» አለ፤ ደረቱ ላይ ቀይ ሪባን፣ እግሩ ላይ ጭቃ የማያውቅ ጫማ።

«የሰፈሩን አዳራሽ ልትሸጡት ነው አሉ፤ እውነት ነው?»

«ምን እናድርግ? ለንደን ያሉት በጀት ቆረጡብን።»

«ለንደን ያሉትስ ዛሬ የኛው ፓርቲ ሰዎች አይደሉም እንዴ?»

አንገቱን አከከ። «ነገሩ ውስብስብ ነው፣ እማማ።»

«መሸጡ ግን አልተወሳሰበባችሁም።»

አዳራሹን የሠሩት የከሰል ጉድጓዱ ሰዎች ናቸው፣ ከደሞዛቸው እየቆረጡ። አባቴ ጡብ ተሸክሞበታል። ጉድጓዱ ከተዘጋ ወዲህ የቀረን እሱ ነው። ብርድ ሲገባ ጓደኛዬ ዶሪን እዚያ እየሞቀች ትውላለች፤ የቤቷ መብራት ቆጣሪ አስቀድሞ ካልተሞላ አይሠራም፣ እሷ ደግሞ ወይ ትበላለች ወይ ትሞቃለች። ባለፈው ጥር አዳራሹ ለጥገና ሲዘጋ፣ ካፖርቷን እንደለበሰች አልጋዋ ውስጥ ከንፈሯ ጠቁሮ አገኘኋት። ከኮረብታው ማዶ ያሉት ሀብታሞች የፈረሶቻቸውን ጋጣ ያሞቃሉ። ዶሪን ፈረስ ሆና ብትወለድ ይሻላት ነበር።

በማግስቱ በሬ ተንኳኳ። ክሊፎርድ! በከሰል ጉድጓዱ ታላቅ አድማ ጊዜ ዓመት ሙሉ ስንራብ፣ ፖሊስ ባጀበው አውቶቡስ በፊታችን እያለፈ ሥራ የገባ አድማ ሰባሪ ነው። ከዚያ ወዲህ በሰፈሩ ሰላም የሚለው የለም። የሚስቱን ሬሳ እንኳ የተሸከሙለት የተከፈላቸው ሰዎች ናቸው። ዊልፍም ሊሞት ሲል «ያንን ሰውዬ እንዳታናግሪው» ብሎ አስምሎኛል።

ስለዚህ ድመቴን ጥላሸትን አነሳሁና ለሷ ተናገርኩ።

«ጥላሸት፣ ይህ ሰውዬ ምን ፈልጎ ነው ደጄን የሚረግጠው?»

ኮፍያውን አወለቀ። «አዳራሹ እንዳይሸጥ በግሌ ልወዳደር ነው፣ ማቪስ። ያንቺ መስኮት ላይ ካልተለጠፍኩ ግን ማንም አይመርጠኝም።»

«ጥላሸት፣ ያኔ እኛ አላሳዘንነው፤ ዛሬ አዳራሹ አሳዘነው?»

«ያኔ ልጄ ታሞብኝ ነበር። ይቅርታ ልለምን ግን አልመጣሁም። የኔም አባት ጡብ ተሸክሞበታል።»

«እንኳን አልለመነ፤ አያገኝም ነበር በዪው።»

«ጥላሸት፣ ሰምቻለሁ በያት» አለና ወረቀቱን ደፉ ላይ ትቶ ሄደ።

ዶሪን መጥታ ወረቀቱን እጄ ላይ ስታየው ደነገጠች።

«ሰው ምን ይላል፣ ማቪስ?»

«አንቺን ብርድ ሊገድልሽ ሲል ሰው ምን አለ?»

«ዊልፍስ?»

ዊልፍ ያስማለኝ እንዳላናግረው ነው፤ መስኮቱን አላነሳም። ቀዩ ወረቀት መስታወቱ ላይ ደርቆ እምቢ አለ። በቢላ ፋቅሁት። በቦታው የክሊፎርድን ለጠፍኩ።

በማግስቱ ዳቦ ቤት ውስጥ አብረውኝ ያረጁ ሴቶች ፊታቸውን አዞሩብኝ። ዳቦዬን ገዝቼ ቀና ብዬ ወጣሁ። ሰንብቶ ከመንገዱ ማዶ ያለው መስኮት ቀዩን አወረደ፤ ከዚያም የጎረቤቴ።

ክሊፎርድ በጥቂት ድምፅ አሸነፈ። ያቺ የምክር ቤት ወንበር ከፓርቲው እጅ ስትወጣ ሽያጩን የሚያጸድቅ አንድ ድምፅ ጎደለና አዳራሹ ተረፈ።

ብርዱ ሲገባ አዳራሹ ውስጥ ሾርባ ያደለን እሱ ራሱ ነው። ቀመስኩት።

«ዶሪን፣ ጨው አንሶታል በዪው።»

«ሰምቻለሁ» ብሎ ጨው አመጣ። ዶሪን ሳቀች። እኔ አልሳቅሁም።

የዊልፍ ፎቶግራፍ ከነጓደኞቹ እዚያ ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል። ሁልጊዜ ፊት ለፊቱ ነበር የምቀመጠው። ያን ቀን ጀርባዬን ሰጥቼው ሾርባዬን ጠጣሁ።