ያዘጋጀው አዛናው

ሽርርር አለ። ዝም። ደግሞ ሽርርር።

ከተኛሁበት የሣር ጎጆ ዓይኔን ሳልገልጥ አወቅሁት። አባ ሰማኸኝ የሰሊጥ ነዶ ጆሯቸው ሥር ይዘው እየነቀነቁ ነው። ትናንት ከሥራ የተሰናበቱ ሰው፣ ዛሬም ሰሊጡን እያደመጡ ነው። ብርድ ልብሱን ወደ ራሴ ሳብሁት። ድምፁ ግን አልቀረም።

በዚህ ከሽንፋ በታች ባለው እርሻ፣ ሰሊጥ ታጭዶ ነዶው ራስ ለራስ ተደጋግፎ እንዲደርቅ ይቆማል፤ ሂላ እንለዋለን። ሂላው ቀድሞ ከተራገፈ ፍሬው እርጥብ ነው፣ ጆንያ ውስጥ ይሻግታል። ከዘገየም ቅርፊቱ ተከፍቶ ነፋስ መሬት ላይ ይዘራዋል። ቀኑን የሚቆርጡት የአጫጆቹ ካቦ፣ የጎጃሙ ሽማግሌ አባ ሰማኸኝ ነበሩ። በሰባት ዓመት አንድ ቀን አልሳቱም።

እኔ ዕቃ ቤት ጠባቂ ነኝ። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ ፈተናው ስላልሆነልኝ ከጎንደር ወረድሁ። ማጭድና ሸራ አድላለሁ፤ ሥራ ሲጠፋ ብቻዬን ግራሩ ሥር ቁጭ ብዬ የሱዳንን ሰማይ አያለሁ። ወጥ ሠሪያችን እስከዳር «አዛናው ድንበር ተሻግሯል፣ ሰውነቱን ብቻ ትቶልናል» እያለች ታስቅብኛለች።

አጨዳው እንደተጀመረ ማናጀሩ አቶ ዋኘው አስጠሩኝ። ባለሀብቱ ሦስት እርሻ ጨምረው ኖሯል።

«ፕሮሲጀር ያስፈልገናል» አሉኝ። «አዋቂ ሰው አራት እርሻ ላይ በአንድ ቀን አይገኝም። ወረቀት ግን ይባዛል። አንተ ተምረሃል፣ ጻፍልኝ።»

ቃሉን ከትምህርት ቤት አውቀዋለሁ፤ ያን ዕለት ግን ለእኔ ብቻ የተሰጠኝ መሰለኝ። መንገድ ለመንገድ በአፌ አገላበጥሁት። ጠረጴዛ ያለው፣ ማራገቢያ የሚዞርበት ክፍል የሚያሳይ ቃል ነው። እዚያ ክፍል ውስጥ ራሴን አየሁት።

ደብተር ይዤ አባ ሰማኸኝ ዘንድ ሄድሁ። ማጭድ እየሞረዱ ነበር።

«አባ፣ የሰሊጡን አሠራር ይንገሩኝ። ፕሮሲጀር ልጽፍ ነው።»

«እሱ ደግሞ ምንድን ነው?»

«የታወቀ አሠራር ማለት ነው። ሥራው ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ እንዴት እንደሚሠራ በተራ በተራ የሚነገርበት።»

«የታወቀ? ማን ያወቀው?»

«ሁሉም ሰው።»

«ሁሉም ካወቀው እኔን ምን ያስጠይቅሃል፣ አንተ ጅል?»

ሳቁ፤ እኔም ሳቅሁ። ግን ሳይሰስቱ ነገሩኝ። አንዱ ነዶ ስንት ጭብጥ እንደሚሆን፣ ሂላው ፊቱን ለየትኛው ነፋስ እንደሚሰጥ፣ ዳመና ከዋለ ስንት ቀን እንደሚጨመር። መድረቁ በምን እንደሚታወቅ ስጠይቃቸው፣ ነዶ አንስተው ጆሮዬ ላይ ነቀነቁት።

«ሲያንሾካሹክ ተወው። ሲስቅ አራግፈው።»

«ይሄ እንዴት ይጻፋል?»

«እኔ ምን አውቄ። ፊደሉ ያለህ አንተ።»

በረቂቁ ግርጌ «ከአባ ሰማኸኝ ቃል የተወሰደ» ብዬ ጽፌ ነበር። በንጹሕ ወረቀት ስገለብጠው ያችን መስመር ዘለልኋት። ቦታ አልጠበበኝም፤ ማንም አውጣት አላለኝም። የዳመናውን ቀን ለማሳጠር ብዬ ተውሁት፤ ድምፁን እንዴት እንደምጽፈው ባላውቅ ተውሁት። «ከታጨደ በአሥራ አምስተኛው ቀን ይራገፋል» አልሁና ከሥሩ «ያዘጋጀው፦ አዛናው» ብዬ ፈረምሁ። ፊርማዬን ሌላ ወረቀት ላይ ሦስት ጊዜ ተለማምጄያት ነበር።

ትናንት አቶ ዋኘው አባ ሰማኸኝን ወደ ዕቃ ቤት ሲያስጠሩ፣ እኔ እዚያው ሸራ እየቆጠርሁ ነበር።

«አባ፣ እግዚአብሔር ይስጥልን። ካሁን በኋላ ሥራው በፕሮሲጀር ሆኗል» አሏቸው ወረቀቱን እያሳዩ። «ልጃችን አዘጋጅቶታል። ጠዋት ትራክተሩ ሽንፋ ያደርስዎታል።»

አባ ሰማኸኝ ማንበብ አይችሉም። ወረቀቱን ተቀብለው እንደ ነዶ ጆሯቸው ሥር አድርገው ነቀነቁት። አቶ ዋኘው ሳቁ። እኔ «የእሳቸው ነው» ማለት ነበረብኝ። ሁለት ቃል ነች። የቆጠርሁትን ሸራ እንደገና መቁጠር ጀመርሁ።

ማታ እስከዳር እራት ስታቀርብልኝ፣ ሳህኑን ፊቴ ላይ ቁጭ አድርጋ «ብላ፣ ባለ ፕሮሲጀር» አለችኝ። አልሳቀችም።

እንግዲህ ያ ሽርርር የሚለው ድምፅ ነው የቀሰቀሰኝ። ተነሥቼ ወጣሁ። አሥራ አምስተኛው ቀን ነው። አጫጆቹ ሸራ እየዘረጉ ነበር። ከሦስት ቀን በፊት ሰማዩ ዳምኖ ውሎ ነበር፤ ትዝ ያለኝ ያኔ ነው። ትራክተሩ ሞተሩ ተነሥቶ ይጠብቃል። አባ ሰማኸኝ ነዶውን እንደያዙ ሂላው አጠገብ ቆመዋል።

«አባ፣ ደርሷል?»

«ወረቀቱ ምን ይላል?»

«ዛሬ ይላል።»

ወደተዘረጋው ሸራ አዩ።

«ስምዎን ጽፌው ነበር» አልሁ። «ስገለብጠው አወጣሁት። ማንም አላዘዘኝም። አሁን ሄጄ ለአቶ ዋኘው እነግራቸዋለሁ።»

ነዶውን አንድ ጊዜ ጆሮዬ ላይ ነቀነቁት። ሽርርር አለ። ይሳቅ፣ ያንሾካሹክ መለየት አቃተኝ።

«አዛናው» ብለው አቶ ዋኘው ከሸራው ዳር ተጣሩ። «ያንተ ፕሮሲጀር ነው፣ እንጀምር?»

ወደ አባ ሰማኸኝ ዞርሁ። ነዶውን ወደ ቦታው መለሱት፤ ራሱን ከሌሎቹ ራስ ጋር አስተካከሉት። በጨርቅ የተጠቀለለች ማጭዳቸውን ብብታቸው ሥር አደረጉና ወደ ትራክተሩ ሄዱ።