የተያዘ ባዶ ቦታ

1.

እንደገና ወደቀ።

ማስተዋል ስክሪኑን አየችው፤ መናደድ እንኳ ደክሟታል። የምትጽፈው ከርነል ነው፤ ለፕሮግራሞች ሁሉ የሚሞሪ አድራሻ የሚያድለው የሲስተሙ እምብርት። አንዱ ፕሮግራም ቦታ ሲጠይቅ ከርነሉ የአድራሻ ካርታውን ያስሳል፣ የሚበቃ ባዶ ክልል ያገኛል፣ ይሰጠዋል። በቃ ይኸው ነው። ግን አንዱን ክልል ለሁለት እየሰጠ ሁለቱንም ይገድላቸዋል።

2.

አንባቢ ሆይ፣ ሰለቸህ? እሷንም ሰልችቷታል። የተቀመጠችው ደግሞ ቢሮዋ አይደለም፤ የሆስፒታል ኮሪደር አግዳሚ ላይ ነው። ላፕቶፑ ጭኗ ላይ ነው፤ አጠገቧ ትንፋሽ ያጠራቸው አባቷ አቶ ደስበለው አልጋ ይጠብቃሉ።

«ዛሬም አልታዘዝ አለሽ?»

«አልታዘዝ አለኝ፣ አባባ።»

3.

ጠዋት ፎቅ ላይ መስኮቱ ሥር ባዶ አልጋ አይታ ነበር። አባቷን ደግፋ ስትመለስ ሌላ ሰው ተኝቶበታል።

ማስተዋል፦ ሲስተር፣ አሁን ባዶ ነው አላልሽኝም?

ሲስተር፦ ባዶ ነው አልኩሽ እንጂ ያንቺ ነው አልኩሽ?

3.

(ይቅርታ፤ ሦስት ቁጥር ባዶ መስሎኝ ነበር።)

አባትየው ወደ አግዳሚው ሲመለሱ የልጃቸውን ትከሻ መታ መታ አደረጉ። ያ ነው ያስለቀሳት።

4.

ዓይኗን ጠርጋ ኮዱን ስታየው ስህተቱ ፊቷ ተገትሯል። ከርነሉ ባዶውን አይቶ «ተይዟል» ብሎ እስኪጽፍ ጎን ለጎን የሚሠራው ሌላው የኮምፒውተሩ ፕሮሰሰር ያንኑ ባዶ ያየዋል። ልጅ ሳለች የቦኖ ውሃ ሰልፍ ላይ ተራ መያዣ ድንጋይ ሳታስቀምጥ ሄዳ አታውቅም ነበር። ምን ነካት?

ፍለጋውንና ምዝገባውን አንድ ላይ ቆለፈቻቸው።

አልወደቀም።

ደስ ሊላት ይገባ ነበር። ደክሟት አልቻለችም።

5.

አንድ ታማሚ ከፎቅ ወርዶ ፌስታሉን አንጠልጥሎ ወደ ቤቱ ሲሄድ አየች።

«አባባ፣ ቀስ እያሉ ይምጡ!»

ደረጃውን ሮጣ ወጣች። ነጠላዋን አውልቃ የተለቀቀው አልጋ ላይ ዘረጋችው።

ተያዘ።

አባቷ ገና ደረጃው ላይ ናቸው፤ ትንሽ ይወጣሉ፣ ያርፋሉ። በዚህ መሃል አንድ ጎልማሳ እናቱን አዝሎ ገባ። የሴትየዋ ከንፈር ጠቁሯል። ሰውየው ክፍሉን ዞሮ ዞሮ ዓይኑ ነጠላው ላይ አረፈ።

«እህቴ፣ ሰው አለው?»

ከደረጃው የአባቷ ሳል ተሰማ።

6.

(ይህን ቁጥር ለመልሷ ይዤላታለሁ።)

ማስተዋል፦