ለማጣሪያው አምስት ሳምንት ሲቀረው

ሶሊያና ሁለት በያይነቱ ይዛ ከእናቷ ምግብ ቤት ኩሽና ስትወጣ ታላቅ ወንድሟ ይልቃል መንገዱን ዘጋባት። በዚህ ሰዓት ዳውንታውን ፓርኪንግ ሥራው ላይ መሆን ነበረበት።

"እዚህ ጋ ፈርሚልኝ" ብሎ ወረቀት ዘረጋላት።

"ቆይ፣ ምግቡን ላድርስ።"

ትሪውን ለደንበኞቹ አስቀምጣ ተመለሰችና ወረቀቱን ቆማ አነበበችው። ለኦሎምፒክ ማጣሪያ የተመዘገበው ጥንድ ተጫዋች ይቀይራል ይላል። ሶሊያና ከተስማማች፣ ከይልቃል ጋር የምትሰለፈው ሌላ ሴት ናት።

"ምንድን ነው ይሄ?" አለች።

"ሶሊ፣ ያቺ የሚኒሶታዋ ልጅ ናት፤ አምና ያሸነፈችን። ፓርትነሯ ጨዋታ ተወ። ስለዚህ... ጠየቀችኝ፣ ኦኬ አልኳት።"

"መቼ?"

"ኦገስት ላይ።"

ሶሊያና የወንበሩን መደገፊያ ጨብጣ ያዘች። ኖቬምበር ገብቷል። ከኦገስት ወዲህ ስንት ማለዳ አብረው ድራይቭ አድርገው ልምምድ ሄደዋል! ሰባት ዓመት ሙሉ እሱ ያንን ከባድ ድንጋይ በበረዶው ላይ ሲያንሸራትት፣ እሷ ድንጋዩን እየቀደመች በረዶውን በብሩሽ ስትፈትግ ኖራለች። የሐበሻ ምግብ ቤቶች በተደረደሩበት ፌርፋክስ ጎዳና ላይ ከርሊንግ የሚባል ጨዋታ የሚያውቅ ስላልነበረ ደንበኞቹ "ጠራጊዎቹ" እያሉ ይቀልዱባቸው ነበር። እሷ ግን ለዚህ ማጣሪያ ብላ የነርሲንግ ትምህርቷን አቋርጣለች።

"ከእኔ ጋር አናሸንፍም ነው የምትለው?"

"ማጣሪያው ድረስ እንሄዳለን። ከዚያ አናልፍም። አንቺም ታውቂዋለሽ።"

ታውቀዋለች። እሱ አፍ አውጥቶ ይለዋል ብላ ግን አልጠበቀችም።

እናታቸው ወይዘሮ ሣህሊቱ ሶፍት እያጠፉ ከባንኮኒው ኋላ ቆመዋል።

"ሰማሽ እማዬ? ሰማሽ የሚለውን?"

"ፈርሚለት የኔ ልጅ። አንዳችሁ እንኳ ብትደርሱ..."

ሶሊያና ዞር ብላ አየቻቸው። "አንቺም ታውቂ ነበር?"

ወይዘሮ ሣህሊቱ ያጠፉትን ሶፍት ፈተው እንደገና ማጠፍ ጀመሩ። ሶሊያና ያን ጊዜ ወንበሩ ላይ ዘፍ አለች። ከመስኮቱ አጠገብ ያለው ደንበኛ ውሃ ጠየቀ፤ ማንም አልሰማውም።

"እምቢ ብልስ?"

"ያው፣ እኔና አንቺ እንጫወታለን" አለ ይልቃል፣ አቀርቅሮ።

ልቡ ሌላ ቦታ ያለ ሰው ለሚያንሸራትተው ድንጋይ በረዶ ስትጠርግ ራሷን አሰበች። እስክሪብቶውን ከእጁ ወስዳ ፈረመች።

"ሶሊ..."

ሶሊያና ሽርጧን ፈትታ ወደ ጎዳናው ወጣች። አውቶቡስ ፌርማታው ላይ ቆማ የሚለማመዱበት የበረዶ ሜዳ ቢሮ ደወለች።

"ለነገ ነው? እንደተለመደው ለሁለት ሰው?" አላት ሰውየው።

"ለአንድ፤ ብቻዬን ነው የምለማመደው። ወንድሜ ከያዘው ሰዓት የሚቀድም አለህ?"

"አለ፤ ግን ገና ጎህ ሳይቀድ ነው።"

"እሱን ያዝልኝ" አለችው።