ኢናስ እንዴት አወቀች?

ፊክሪ ሚስቱ ኢስማት ከሞተች ወዲህ ከሰዓት በኋላ መጋረጃውን ዘግቶ የልጁን የኢናስን የሠርግ ቪዲዮ ያያል። ዕድሜውን ሙሉ እስክንድርያ ላይ ትራም ሲነዳ የኖረ ሰው ነው። ጡረታ ሲወጣ ኢናስ ከምትኖርበት ከኩዌት መጥታ ላፕቶፕ ገዛችለት፤ ቪዲዮ ማጫወቻውንም በእጇ ጭናለት ተመለሰች።

ሙሽሪት ስትገባ፣ ኬክ ሲቆረስ፣ ዘመድ አዝማድ ሲጨፍር አያይም፤ ያልፈዋል። እሱ የሚፈልገው ኢስማት የኮቱን ኮሌታ እያስተካከለች፣ «ደግሞ እንዳታለቅስና እንዳታዋርደኝ!» የምትለውን ነው። እዚያ ላይ ያቆመዋል። አንዳንዴ ይመልስላታል። አንዳንዴ ደግሞ ጎንበስ ብሎ የላፕቶፑን መስታወት ይስማል። ይህን ለማንም ተናግሮ አያውቅም፤ ደግሞስ ለማን ይናገራል?

የኢድ ቀን ኢናስ ደወለች።

«አባዬ፣ የበዓሉን ዓሣ በላህ?»

«ለማን ብዬ እሠራለሁ? ፉሌን በላሁ።»

«ውይ አባዬ! በዓል አይደል እንዴ? ትናንትም እኮ እማዬን ስታይ ነው የዋልከው።»

«ምን አልሽ?»

«ኮሌታህን ስታስተካክልልህ ነዋ! ሁልጊዜ እዚያ ላይ ነው የምታቆመው።» ሳቀች። «በገዛ ሠርጌ እኔን ዘለህ!»

ፊክሪ ዞር ብሎ መጋረጃውን አየ። ዝግ ነው።

«ማን ነገረሽ?»

«ማጫወቻው ነዋ። በእኔ ስም ነው የከፈትኩት። ምን እንዳየህ፣ የት ላይ እንዳቆምክ ስልኬ ላይ ይመጣልኛል። ሲመጣ፣ እሰይ፣ አባዬ ደህና ነው እላለሁ።»

ስልኩ ከተዘጋ በኋላም ከወንበሩ አልተነሳም። ጆሮው ድረስ ግሎ ነበር፤ ልብሱን ሲያወልቅ ሰው በሩን የከፈተበት ያህል አፈረ። ሐፍረቱ በረድ ሲልለት ደግሞ ሌላ ነገር መጣበት። እናቷ በሞተች ሰሞን ኢናስ ጠዋት ማታ ትደውል ነበር። ቀስ በቀስ እየራቀች ስትሄድ ሥራ በዝቶባት ነው ብሎ ነበር። ለካ መደወል አላስፈለጋትም።

በማግስቱ ላፕቶፑን ታቅፎ ከሰፈሩ ስልክ ጠጋኝ ከሩሽዲ ዘንድ ሄደ።

«ለልጅዎ ብቻ መሰለዎት?» አለው ሩሽዲ፣ አንዱን ገጽ ከፍቶ እያሳየው። «ማጫወቻውን ለሠሩት ሰዎችም ይደርሳል።»

«የሚስቴ ቪዲዮ?»

«ቪዲዮው እንኳ አይሄድም። ምን እንዳዩ፣ መቼ እንዳዩ፣ የት ላይ እንዳቆሙ ነው።»

«ለነሱ ምን ያደርግላቸዋል?»

«አባባ ፊክሪ፣ በነፃ የሰጡዎት ለጽድቅ ብለው ነው እንዴ?»

«ዝጋልኝ» አለ ፊክሪ። «ሁሉንም ዝጋልኝ።»

ሩሽዲ ዘጋለት። ፊክሪ ቤቱ ገብቶ ኢስማትን ከፈተና ኮሌታው ላይ አቆማት። ማንም አላወቀም።

ጥቂት ቀናት አለፉ። አንድ ጠዋት ጢሙን እየላጨ ሳለ በሩ ተደብድቦ ሊገነጠል ደረሰ። ሲከፍት የላይኛው ፎቅ ጎረቤቱ ሳፊናዝ በቤት ጫማዋ ቆማለች፤ የበር ጠባቂው መዶሻ ይዞ ከኋላዋ አለ።

«አንተ ሰውዬ! በሕይወት አለህ እንዴ? ልጅህ በስልክ እያለቀሰች ልቤን አፈረሰችው፤ በሩን ስበሩት እያለች!» ስልኳን እጁ ላይ ጣለችለት።

«አባዬ!» ኢናስ ድምፅዋ ተቆራርጧል። «ምን ሆነህ ነው? ምንም አልመጣልኝም እኮ! አንድም ነገር!»

«ዘጋሁት።»

«ለምን?»

«ኢናስዬ፣ ይሄን ሁሉ ቀን ስልኬ ክፍት ነበር።»

ሳፊናዝ የሚባለውን እንዳልሰማች ሆና የበር ጠባቂውን ወደ ደረጃው ገፋችው።

«ልክ ነህ» አለች ኢናስ። «ከእንግዲህ እደውላለሁ። ራሴ እደውላለሁ።»

ደግሞም ደወለች። ክረምቱ እስኪገባ አላቋረጠችም ነበር። ከዚያ ሥራ በዛ፣ ልጇ ታመመ፣ ስልኩ እንደገና ዝም እያለ ሄደ። ፊክሪ አልተቀየማትም። ግን ቪዲዮውን ከፍቶ ሲያይ ቀድሞ ያልነበረ ብቸኝነት ይሰማው ጀመር። ያኔ ሳያውቀው አብራው የምታይ ሰው ነበረች፤ አሁን የለችም። አንድ ጊዜ ሩሽዲ ዘንድ ሄዶ መልሰህ ክፈትልኝ ሊለው ጫማውን ካሰረ በኋላ ፈታው።

ዝናብ ባሕሩን በሸፈነበት አንድ ከሰዓት ራሱ ደወለ። ኢናስ ሥራ ላይ ነበረች።

«አባዬ? ምነው፣ ደህና አይደለህም?»

«ደህና ነኝ። ዛሬ እናትሽን አየኋት። እንድታውቂው ብዬ ነው።»

ከወዲያ የሰዎች ድምፅ፣ ከዚያ በር ሲዘጋ ተሰማ።

«ሠርጉ ላይ ምን ዓይነት ጫማ ነበር ያደረገችው?» አለች ኢናስ ዝግ ባለ ድምፅ። «ረሳሁት እኮ።»

ፊክሪ ነገራት። ጫማው እንደጠበባት፣ ከጠረጴዛው ሥር አውልቃው እንደነበር፣ ሲጨፈር በባዶ እግሯ እንደተነሳች ሁሉ ነገራት። ኢናስ እየሳቀች አፍንጫዋን ስትጠርግ ይሰማዋል። ከዚያ አንድ ሰው በስሟ ጠራት፤ ቻው አባዬ ብላ ዘጋችው።

ቤቱ ጭር አለ። ፊክሪ መጋረጃውን ገልጦ፣ ስልኩን ጭኑ ላይ እንዳደረገ ዝናቡን ሲያይ ቆየ።