ሞደሙን ያዛወረው ማን ነው?

አለቃቸው ኮምፒውተር የሚለውን የሚያምነው በወረቀት ታትሞ ሲወጣለት ብቻ ነበር። ታትሞ ማህተም ካረፈበት ደግሞ ዓይን ያወጣ ውሸትም ቢሆን እውነት ነው። ማህተሙን በኮቱ ኪስ ይዞ ስለሚዞር ሠራተኞቹ በሌለበት «አቶ ማህተም» ይሉታል። የደንበኞችን መዝገብ የምትይዘው ሴትዮ ግን ፊት ለፊቱ ቆማም በሆዷ ሌላ ስም ሰጥታው አታውቅም።

ያን ዕለት ጠዋት ጠረጴዛዋ ላይ አንድ ወረቀት ወረወረላት። የኢንተርኔት ደንበኛቸው በሆነች አንዲት ልብስ ሰፊ ስም ሁለት ሞደም ተመዝግቧል፤ ሱቋ ያለው ግን አንድ ነው ብላ አቤት ብላለች። ሁለተኛውን የመዘገበው ሞደም ገጣሚው ሠራተኛ ነው ይላል ወረቀቱ።

«ሌባ ነው። የስንብት ደብዳቤውን አዘጋጂ።»

ሞደም ገጣሚው ጋሽ መሰላል የሚሉት ነው፤ ሃያ ስድስት ዓመት መሰላል ተሸክሞ ከጣራ ጣራ ሲንከራተት የኖረ፣ ጡረታ ሊወጣ አራት ወር የቀረው ሰው። በሌብነት ከተባረረ ጡረታውም አብሮ ይቀራል። በሩ አጠገብ ኮፍያውን ይዞ ቆሟል።

«ጋሼ፣ ይናገሩ እንጂ!» አለችው ሴትዮዋ።

«ምን ብዬ ልጄ?» አለና አቀረቀረ።

ሴትዮዋ ወደ ኮምፒውተሯ ዞረች። የአለቃው ድፍረት አበሳጭቷታል። የደንበኞች መዝገብ በሚያዝበት ፕሮግራም ላይ የደንበኛ ዕቃ በተነካ ቁጥር ከለውጡ ጎን አንዲት ቁጥር ትቀመጣለች። እሷን ሲጫኗት ማን፣ መቼ፣ በየትኛው ኮምፒውተር እንደነካው ቁልጭ ብሎ ይወጣል፤ ወረቀት ላይ ግን አይታተምም። አቶ ማህተም ይህን አያውቅም። በስልጠናው ቀን ስልክ እያወራ ወጥቶ የተመለሰው ለምሳ ነው። እሱ የሚያውቀው የሠራተኛውን ሁሉ የይለፍ ቃል በደብተር ሰብስቦ መሳቢያው ውስጥ መቆለፍ ነው። «ለጥንቃቄ» ይለዋል፣ አያፍርም።

ቁጥሯን ተጫነቻት።

«የተገባው በጋሼ ስም ነው» አለች ጮክ ብላ። «ባለፈው ወር፣ የዕቃ ቆጠራው ዋዜማ፣ ከሰዓት በኋላ። ኮምፒውተሩ ግን የእርስዎ ቢሮ ያለው ነው።»

«ገብቶ ነዋ! ቢሮዬን ሰብሮ!»

«ያን ቀን የጋሼ ሚስት ሆስፒታል ተኝተው እሳቸውም እዚያ ነበሩ። የፈቃድ ወረቀታቸው ላይ ማህተም የመቱት እርስዎ ነዎት።» የፈቃዱን ወረቀት ከፋይል አውጥታ ፊቱ ዘረጋችው።

«ሲስተሙ ተሳስቷል» አለ አቶ ማህተም። ስንቱን ሲያስለቅስ የኖረ አፍ፣ በጭንቅ ሰዓት ያገኘው ይህችን ብቻ ነው።

«እሺ፣ ሞደሙስ የት ገባ?» አለች ሴትዮዋ።

ጋሽ መሰላል ከበሩ ወደ ጠረጴዛው ተጠጋ። «አለቃችን ቤት ነው። ሳሎን፣ ከቴሌቪዥኑ ጀርባ። እኔው ነኝ የገጠምኩት።»

«ታዲያ እስካሁን!»

«ሰው ቤት ገብቼ ያየሁትን አውርቼ አላውቅም ልጄ። በዚህ ሥራ አፍ ከሌለህ ነው በር የሚከፈትልህ።» ቀና ብሎ አለቃውን አየው። «የወሰዱት ሞደም በዕቃ ቆጠራው እንዳይጎድል በልብስ ሰፊዋ ስም ሲያስገቡት፣ የእኔን ስም ግን ባይነኩት ጥሩ ነበር።»

ሴትዮዋ ሞደሙን ከልብስ ሰፊዋ ስም አንስታ በአለቃዋ ስም መዘገበችው፤ አተመችው፤ ገና ትኩስ እያለ ወረቀቱን ወደ እሱ ገፋችው።

«ማህተም ያድርጉበት» አለችው።

ማህተሙ እንደ ወትሮው ኮቱ ኪስ ውስጥ ነበር። እጁ ግን ጠረጴዛው ላይ ሲፈልገው ቆየ።