በብርድ ልብስ የተጠቀለለው ፋኖስ

እኔ የትምህርት ቤት ደጃፍ አልረገጥኩም። ፊደል የለየሁት ልጄ አንደኛ ክፍል ስትገባ ከጎኗ ተቀምጬ ነው፤ ማንንም አልለመንኩም። ሙያዬን ግን ማንም አይነካብኝም። ዕድሜዬን ሙሉ የጥጥ ብርድ ልብስ ስሰፋ ኖሬያለሁ። ደንበኞቼ «የእሷ ብርድ ልብስ ድንጋይ ያሞቃል» ይሉ ነበር፤ እኔም «እውነታችሁን ነው» እላቸው ነበር። ይህን አስቀድሜ የምናገረው ለጉራ ብቻ አይደለም፤ በኋላ ጣጣ ያመጣብኝ እሱ ስለሆነ ነው።

ልጄ የረጅም መንገድ ባቡር ላይ ትኬት ተቆጣጣሪ ናት። አንዴ ከወጣች ቶሎ አትመለስም። የልጅ ልጄን ድንቢጥን የምይዛት እኔ ነኝ። ስሟ ሌላ ነው፤ ድንቢጥ ያልኳት ስትበላ እየለቀመች፣ ስታወራ እየተንጫጫች ስለሆነ ነው። ገና የወተት ጥርሷ አልተነቃነቀም። በዚያ የብርድ ወቅት የመዋዕለ ሕፃናቱ ማሞቂያ ቧንቧ ፈነዳና ልጆቹ ሁሉ ቤት ዋሉ። መምህርቷ ለእያንዳንዱ ልጅ ከረጢት ላከች። ውስጡ ባለቀለም ወረቀት፣ ክር፣ ሙጫና ቤት ውስጥ የሚሠራውን በሥዕል የሚያሳዩ ካርዶች አሉበት። አንዱ ወረቀት አጣጥፎ በመቀስ የበረዶ ኮከብ ማውጣት ነው፤ አንዱ ጨው በሙቅ ውሃ አሟምቶ ክር ላይ እስኪጋገር መጠበቅ ነው።

«በዚህ ዕድሜዬ የቤት ሥራ ላኩብኝ!» ብዬ አጉረመረምኩ። ወረቀት መቁረጥ ስንጀምር ግን መቀሱን ከድንቢጥ እጅ የቀማሁት እኔ ነኝ። መስኮቱን በኮከብ ሞላነው። የእኔዎቹ የተሻሉ ነበሩ፤ ልጅ ናት ብዬ አልዋሽም።

ድንቢጥ ከካርዶቹ ሁሉ አብልጣ የወደደችው የበረዶ ፋኖሱን ነው። ባልዲ ውስጥ ውሃ ይሞላል፤ መሃሉ ላይ ድንጋይ የታጨቀበት ቆርቆሮ ይቀመጣል። ዙሪያው ያለው ውሃ በረዶ ሲሆን ቆርቆሮው ወጥቶ በቦታው ሻማ ይገባል። ባልዲ ፍለጋ ከእኛ በታች ባለው ወለል ወደሚኖረው ቀለም ቀቢ ወረድን። ይሄ ሰው ሚስቱ ከሞተች ወዲህ ዋና ሥራው እኔን ማናደድ ነው።

«እትዬ፣ ባልዲው ለምን ፈለጉት? ሊታጠቡበት ነው?»

«አንተን ልዘፈዝፍበት። አምጣ አልኩህ!»

ድንቢጥ ውሃው ውስጥ የብርቱካን ልጣጭ፣ ደረቅ ቅጠልና ከስፌት ሳጥኔ የመረጠቻቸውን የኮት ቁልፎች ጨመረች። ምርጥ ምርጦቹን ነው የወሰደችብኝ። በረንዳው ላይ አሳደርነው። ጠዋት ባልዲውን በሙቅ ውሃ አባብለን ገለበጥነው፤ ፋኖሱ ዱብ አለ። ቀዩ ቁልፍ፣ ሰማያዊው ቁልፍ፣ ልጣጩ፣ ሁሉም መስተዋት ውስጥ እንደተያዘ ነገር ቆመዋል።

ያን ጠዋት ልጄ ሻንጣዋን ይዛ ልትወጣ ነበር። ድንቢጥ የኮቷን ጫፍ ጨመደደች።

«መቼ ትመጫለሽ?»

ልጄ በአንድ ዓይኗ ሰዓቷን እያየች ጣቷን ወደ በረንዳው ቀሰረች። «ያ ፋኖስሽ ሳይቀልጥ እመጣለሁ።» ግንባሯን ሳመቻትና እየሮጠች ደረጃውን ወረደች። ብርዱ አጥንት የሚሰረስር ነበርና ያለችው ነገር ቀላል መሰላት። ልጅ ግን እንዲህ ያለውን ቃል አይጥልም።

ጥቂት ቀን እንደቆየ ሰማዩ ተከፍቶ ድንገት ሞቀ። የጣሪያው በረዶ ይንጠባጠብ ጀመር፣ መንገዱ ጭቃ ሆነ፣ ሰዉ ኮቱን እየፈታ ሄደ። ያንኑ ቀን ልጄ ደወለች። የቀለጠው በረዶ ጎርፍ ሆኖ ሐዲዱን ጠርጎታል፤ ባቡሩ መንገድ ላይ ቆሟል፤ መቼ እንደሚጠገን የሚያውቅ የለም። ከዚያ ስልኩ ተቋረጠ፤ ደግሜ ብሞክር እምቢ አለ።

ድንቢጥ ሁሉንም ሰምታለች። ኮቷን ለበሰችና የበረንዳው በር ሥር ተቀመጠች። ምሳ አልበላም አለች።

«ምን ሆንሽ አንቺ?»

«ፋኖሱ እያለቀሰ ነው።»

«በረዶ አይደለም እንዴ? ይቀልጣላ!»

«ከቀለጠ እማዬ አትመጣም።»

«ማን አለሽ?»

«እሷ ናታ! ሳይቀልጥ እመጣለሁ አለች። ከቀለጠማ...» ፊቷን ወደ በረንዳው አዞረች።

አስረዳኋት። ተቆጣሁ። አባበልኳት። ከረሜላ አውጥቼ አሳየኋት። ከግድግዳ ጋር ማውራት ሆነብኝ። እኔ ብዙ ሲለቀስ አይቻለሁ፤ የማታለቅስ ሕፃን ግን አንጀቴን በላችው።

ቀለም ቀቢው ባልዲውን ሊወስድ ብቅ ሲል ነገሩን ነገርኩት። «ማቀዝቀዣ ውስጥ ይክተቱታ» አለኝ፤ ለእሱ ነገር ሁሉ ቀላል ነው። የእኛ ማቀዝቀዣ የበረዶ ሣጥኑ ሁለት የሻይ ስኒ ከገባበት ተመስገን ነው። የእሱ ደግሞ ከተበላሸ ቆይቶ አሁን ጫማ ያስቀምጥበታል።

ቢያንስ ሐሳቧን ላስቀይር ብዬ ከካርዶቹ አንዱን መዘዝኩ። ሦስት የበረዶ ቁራጮች ተሥለውበታል። አንዱ እርቃኑን ነው፣ አንዱ በጋዜጣ ተጠቅልሏል፣ አንዱ የሱፍ ጓንት ውስጥ ገብቷል። ከሥር «የትኛው ቀድሞ ይቀልጣል?» ይላል።

ሳቄ መጣ። «ይሄም ጥያቄ ሆኖ ነው? ጓንቱ ውስጥ ያለው ነዋ! ሱፍ ያሞቃል። ዕድሜዬን ሙሉ ምን ስሠራ የኖርኩ መሰላቸው?»

«እኔ በዚህ አልስማማም» አለ ቀለም ቀቢው።

«ለምን?»

«እርስዎ ስለተስማሙበት።»

«እሺ፣ እንወራረድ! ከተሸነፍክ ደረጃውን ከላይ እስከ ታች ትጠርጋለህ።»

«ከተሸነፉ ያን የተቀደደ ሱሪዬን ይጥፉልኛል።»

ድንቢጥ ቀና አለች። ነገር ሲጋጋል ትወዳለች፤ በእኔ ነው የወጣችው። ቀደም ብለን የበረዶ ሣጥኑ ውስጥ በሁለት ስኒ ካረጋነው በረዶ አንዱን አወጣን፤ ቀለም ቀቢው ሰባብሮ አስተካከለው፤ እያንዳንዱን በየሳህኑ አድርገን ጠረጴዛው ላይ ደረደርን። ተቀምጠን ጠበቅን። እርቃኑን ያለው ወዲያው ያልበው ጀመር። ብዙም ሳይቆይ ሳህኑ ላይ ውሃ ብቻ ቀረ። የጋዜጣው ቀጥኖ ምላስ አከለ። ድንቢጥ ጓንቱን ስትነቀንቀው ከውስጥ ኳ፣ ኳ አለ።

«ጓንቱ እርጥብ ነበር» አልኩ።

«ደረቅ ነው፣ እማማ።»

«ሱፉ ርካሽ ነው! ቆይ፣ እኔ የማውቀውን ላምጣ።»

ከሣጥኔ የብርድ ልብስ ቁራጭ አወጣሁ፤ በገዛ እጄ ያፈታታሁት ጥጥ ያለበትን። በሌላው ስኒ ያለውን በረዶ ለሁለት ከፍለን አንዱን በእሱ ጠቀለልነው፣ አንዱን እርቃኑን ሜዳ ላይ ተውነው። የሜዳው ውሃ ሆኖ አለቀ። ቁራጩን ስፈታው የእኔ በረዶ መሃል ላይ ተኮፍሶ ተቀምጧል። ቀለም ቀቢው ቤቱ ሄዶ ሱሪውን አምጥቶ ጉልበቴ ላይ አስቀመጠልኝ።

«እማማ» አለች ድንቢጥ፣ «ብርድ ልብስ አያሞቅም እንዴ?»

ሌላ ሰው ቢለኝ በመቀሱ ነበር የማባርረው። ግን እግሬ ትዝ አለኝ። ስንቴ ነው ብርድ ልብሴ ውስጥ ገብቼ፣ እንደ ብረት ቀዝቅዞ ጠብቆኝ፣ ጥርሴ ተንገጫግጮ የማውቀው! እስክተኛበት ድረስ ሙቀት የሚባል አልነበረውም። ለካ ሙቀቱ የራሴ ነው። እግሬ ያወቀውን ጭንቅላቴ ሳይሰማ ኖሯል።

«ዘበኛ ነው» አልኳት። «የውጪውን አያስገባም፣ የውስጡን አያስወጣም። ሰው ከገባበት ሙቀቱን ይጠብቃል፤ በረዶ ከገባበት ብርዱን ይጠብቃል።»

ዞር ብላ በረንዳውን አየች። ቀጥሎ አልጋዬን አየች። ምን ልትል እንደሆነ ሳትናገር ገባኝ።

አልጋዬ ላይ ያለው ብርድ ልብስ ዓይኔ ደህና ሳለ ለራሴ የሰፋሁት ነው። ስፌቱ እንደ ጉንዳን መንገድ ቀጭን ነው። አንዲት ባለጠጋ ደጋግማ ጠይቃኝ አልሸጥኩላትም። ጥጥ ደግሞ ውሃ ከነካው ይቋጠራል፤ እንደ ድሮው አይሆንም። ሌሎቹ ብርድ ልብሶቻችን የሱቅ ናቸው፤ በእነሱ ውስጥ ፀሐይ ይታያል። ልጅቷን አየኋት። ኮቷን አዛብታ ቆልፋዋለች፤ ከጠዋት ጀምሮ ከላይዋ አላወለቀችውም።

«ምን ትገተሪያለሽ? ያን ጫፍ ያዢ!» አልኳት።

ቀለም ቀቢው ሲቀባ ወለል የሚሸፍንበትን ፕላስቲክ አመጣ። ፋኖሱን በእንጨት ርብራብ ላይ አቆምነው፣ ውሃው እንዲወርድ ከሥሩ ትሪ ገባ፣ ፕላስቲኩን ለበሰ፣ ከዚያ በላይ ብርድ ልብሴ ተደርቦ ዞረበት። ፀሐይ የማይደርስበት ጥግ አስጠጋነው። ድንቢጥ እራቷን ጥርግ አድርጋ በላች። እኔ ያለ የሌለ ኮቴን ደርቤ ተኛሁ፤ ወገቤን ሲቆርጠኝ ከረመ።

በየጠዋቱ «እንየው?» ትለኛለች።

«በከፈትሽው ቁጥር ሙቀት ታስገቢያለሽ። እጅሽን ሰብስቢ!»

«አቤት፣ ፕሮፌሰሯ!» ይላል ቀለም ቀቢው ከደረጃው።

ትሪው ላይ ግን ውሃ ነበር። ድንቢጥ እንዳታይ ሳትነሳ እደፋው ነበር። አንዳንድ ቀን ውሃው ሲበዛብኝ ውስጡ ባዶ ይሆን ብዬ እጄን በስንጥቁ አሾልኬ እዳስሳለሁ፤ ጣቴን ብርድ ሲነክሰኝ ደስ ይለኛል። በበረዶ ንክሻ የምትደሰት አሮጊት አይታችሁ ታውቃላችሁ?

አንድ አመሻሽ ላይ በሩ ተንኳኳ። ልጄ ናት፤ እስከ ጉልበቷ ጭቃ፣ ዓይኗ በእንቅልፍ እጦት ጎድጉዷል። ድንቢጥ አላቀፈቻትም። ጣቷን ይዛ ወደ በረንዳው ጎተተቻት።

ቀለም ቀቢው ድምፅ ሰምቶ ወጥቶ ነበርና አብረን ፈታነው። ፋኖሱ አጥሯል፤ አንዱ ጎኑ ሳስቶ አውራ ጣት የሚያሾልክ ቀዳዳ አውጥቷል፤ የብርቱካኑ ልጣጭ አንገቱን ብቅ አድርጓል። ግን ቆሟል! ሻማው መጀመሪያ ጢስ ብሎ ጠፋ። ሁለተኛው ያዘ። ቀዩና ሰማያዊው ቁልፍ በሩ።

«ውይ፣ ይሄ ደግሞ ምንድን ነው?» አለች ልጄ። «ብርድ ልብስሽን ነው እንዴ ያረጠብሽው? እማ፣ አብደሻል?»

የገዛ ቃሏን ረስታዋለች። እግሯን በጫማዬ ረገጥኩት።

«ሳይቀልጥ መጣሽ» አለች ድንቢጥ።

ልጄ ያኔ ገባት። ፊቷ አመድ መሰለ። እርጥቡ ወለል ላይ ተንበረከከች።

«ቀልጦ ቢሆን ኖሮስ?»

«አትመጪም ነበራ።»

«ስሚኝ፣ የኔ እናት። ቢቀልጥም እመጣለሁ። በረዶ ባይኖርም እመጣለሁ። ያን ያልኩሽ ቸኩዬ ነው፤ ጥፋቱ የኔ ነው።»

ድንቢጥ አሰበችበት። ከዚያ ምስክር እንደሚጠራ ዳኛ ወደ እኔ ዞረች። «እውነቷን ነው?»

«እናትሽን የወለድኳት እኔ ነኝ» አልኳት። «ችኩል ናት፣ ዝርክርክ ናት፣ ግን እልኸኛ ናት። ባቡር እምቢ ቢላት በእግሯ ትመጣለች።»

«በእግሬም ነው የመጣሁት፤ ግማሹን» አለች ልጄ፣ ጭቃዋን እያሳየች። ድንቢጥ ያን ጊዜ ነው አንገቷ ላይ የተጠመጠመችው።

በማግስቱ ፀሐይ ወጣች። ድንቢጥ ቀለም ቀቢውን አስቸግራ ፋኖሱን ግቢው መሃል አስቀመጠችው።

«እናልብሰው?» አልኳት።

«ተይው፣ እማማ። ይቅለጥ።»

ቁጢጥ ብላ ስትጠብቅ ዋለች። ቁልፎቹ እየወደቁ ሲመጡ በቀሚሷ እያደረቀች ወደ ሣጥኔ መለሰቻቸው። ብርድ ልብሴ ገመድ ላይ ተሰቅሎ ሆዱ ውስጥ ጥጡ ተቋጥሯል። ተርትሬ እንደ አዲስ ላፈታታው ነው፤ እጄ ገና አልሞተም። ድንቢጥም ጥጥ ማፍታታት ትልመድ፤ ካርድ ብቻ መች ያበላል!

ልጄ ደግማ ወደ ሥራ ልትወጣ ስትል ያቺው ጥያቄ መጣች። «መቼ ትመጫለሽ?»

ልጄ አፏን ከፈተች፣ እኔን አየችኝና ዘጋችው። ቀጥላ «ሥራዬን ስጨርስ» አለች።

«እሺ» አለች ድንቢጥ፤ እናቷን ስማ ወደ ጨውና ክሯ ተመለሰች።

እኔ መስኮቱ አጠገብ የቀለም ቀቢውን ሱሪ እየጣፍኩ ነበር። ሱሪው ቡናማ ነው። በቀይ ክር ጣፍኩለት፤ ሲያልፍ ሰው ሁሉ ይየው።